ቦሌ፤ የአገር በርና የእንግዳ ኢኮኖሚ

በቀድሞው የአገራችን ልማድ የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል አይመለስም ነበር። እግሩ ይታጠባል፤ ከቤት ያለው ይቀርብለታል፤ ሻል ያለው መኝታ ይለቀቅለታል። ሲነጋ ከእርሱ የሚጠበቀው ዋጋ ምርቃት ብቻ ነው። ዛሬ በቦሌ በር የሚገባው እንግዳ ግን ፓስፖርቱን ያስመታል፤ ገንዘቡን ይመነዝራል፤ ያደረበትን፣ የበላውንና ያየውን ሁሉ ይከፍላል። ከመጀመሪያው እንግዳ ወደ ሁለተኛው የተደረገው ሽግግር ከአንድ ሰው ዕድሜ አይበልጥም። እንግዳ ቀድሞ የክብር ጉዳይ ነበር፤ አሁን ግን የውጭ ምንዛሪ፣ የሥራና የእንጀራ ጉዳይም ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሽግግር በቦሌ በኩል መመልከት ነው። የምንጠይቀውም ሦስት ነገር ነው፤ እንግዳው ያመጣው ገንዘብ ለአገር ምን አተረፈ? ለማንስ ደረሰ? በሩ በተዘጋ ጊዜስ ጦሙን ያደረው ማን ነው? በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ከልደታ ወደ ቦሌ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ቲ.ደብልዩ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአስተዳደርና በሙያ ረዳው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። የዚያን ዘመን ባለ ሁለት ሞተር ዳግላስ አውሮፕላኖች ማረፊያ ልደታ ነበር። ለእነርሱ አጭር ሜዳ ይበቃቸው ነበርና እስከ 1950ዎቹ ድረስ ችግር አልተፈጠረም።

ችግሩ የመጣው ከጄቱ ጋር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን ከመሬት ለመነሣት በቆላ አገር ከሚያስፈልገው የረዘመ መንደርደሪያ ይሻል። አየር መንገዱ የመረጠው ቦይንግ 720 በልደታ ሜዳ ሊነሣ የማይችል ሆኖ ስለ ተገኘ ከከተማው ወጣ ብሎ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው የእርሻና የግጦሽ ሜዳ ላይ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። የቦሌ መንደርደሪያና የመቆጣጠሪያ ማማ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ።

ጊዜው ያለ ምክንያት የገጠመ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫውን በአዲስ አበባ አድርጓል፤ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ተመርቋል። ቦሌ በተከፈተ በወራት ውስጥ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በዚህች ከተማ ተፈረመ። ስለዚህ የቦሌ የመጀመሪያ እንግዳ ሽርሽር ፈላጊው ጎብኚ ሳይሆን የጉባኤው መልእክተኛ ነበር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ከማረፊያው ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው መንገድም በኋላ «አፍሪካ ጎዳና» የሚለውን ስም ያገኘው ያለ ነገር አይደለም።

አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ

የጎብኚው ታሪክ ከአንድ ሰው ስም ጋር የተያያዘ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም በኃላፊነት የመሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለው መፈክር የእርሳቸው ነው። የመፈክሩን ብልሃት ለማስተዋል ያን ጊዜ የውጭው ዓለም ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው ምን ያህል ጥቂት እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። ለባዕድ ሰው ግር የሚለውን የእኛን የዘመን አቆጣጠር፣ ይልቁንም ጳጉሜን፣ ከነግርታው ወደ ገበያ አወጡት፤ እንደ ጉድለት ይታይ የነበረው ልዩነትም የሚሸጥ ነገር ሆነ። እኒህ ሰው በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት ተብለው ተሸኝተዋል።

ሁለተኛው ሥራቸው ታሪካዊው የጉዞ መሥመር ነው። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን አንድ አድርጎ የሚሸጥ ጉዞ ተዘጋጀ። በዚያን ጊዜ እነዚህን ከተሞች በመኪና ማዳረስ የብዙ ቀን ሥራ ነበር፤ አየር መንገዱ ግን በዳግላሶቹ በጥቂት ቀናት ያደርሳቸው ጀመር። በላሊበላ አውሮፕላኑ የሚያርፈው በጥርጊያ ሜዳ ላይ ስለ ነበር ክረምት ሲገባ በረራው ይቋረጥ ነበር። ስለዚህ መፈክሩ አሥራ ሦስት ወር ቢልም የላሊበላ ገበያ በእውነቱ ከመስከረም እስከ ግንቦት ነበር። በአዲስ አበባም ግዮንን የመሰሉ ሆቴሎች ተስፋፉ፤ በ1960ዎቹ መግቢያ ሂልተን ተከፈተ።

ውጤቱ በቁጥር ታየ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከ20 ሺህ ያላለፈው የጎብኚ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1973 ከ70 ሺህ በላይ ደረሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን አብዛኛውን የውጭ ምንዛሪ ያስገባ የነበረው ቡና ነበር፤ የአገሪቱ ኢኮኖሚ በጠቅላላው በጎብኚ ላይ የቆመበት ጊዜ ኖሮ አያውቅም። በጎብኚ ላይ የቆሙት በአገሪቱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ከተሞችና ሰፈሮች ናቸው። ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው።

የደሴቶቹ ትምህርት

በሐሩር ክልል የሚገኙ አንዳንድ ትንንሽ አገሮች በዚያው ዘመን የተለየ መንገድ ይዘዋል። ሲሼልስ እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ በመርከብ ብቻ የሚደረስባት ደሴት ነበረች፤ ሕዝቧም በኮኮናትና በቀረፋ ይተዳደር ነበር። በዚያ ዓመት የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራላት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱ ዋና እንጀራ ጎብኚ ሆነ። በጋምቢያም እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከስዊድን ክረምታቸውን ሸሽተው የመጡ እንግዶች የባሕር ዳሩን ለወጡት።

እነዚህ አገሮች ያገኙት ጥቅም ብዙ ነው፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠርተውበታል። ነገር ግን በሦስት ወገን ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። አንደኛው የገንዘቡ ሾልኮ መውጣት ነው። ጎብኚው ጠቅላላ ዋጋውን በአገሩ ለአንድ ኩባንያ ይከፍላል፤ አውሮፕላኑ የባዕድ፣ ሆቴሉ የባዕድ፣ መጠጡና ምግቡ ከውጭ የመጣ ሲሆን ለደሴቲቱ የሚቀራት ደመወዝና ግብር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በጋምቢያ የመንግሥት ግልበጣ ሲደረግ የብሪታንያ መንግሥት ዜጎቹ ወደዚያ እንዳይሄዱ መከረ፤ ሆቴሎቹም በዚያው ወቅት ተራቆቱ። ሦስተኛው የዓለም ገበያ መዋዠቅ ነው። ሲሼልስ እ.ኤ.አ. በ2008 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ደጅ ጠንታለች።

ኢትዮጵያን ከእነዚህ የሚለያት አንድ ትልቅ ነገር አለ። እንግዳውን የሚያመጣው አውሮፕላን የራሷ ነው። ጎብኚው ገና ከመነሣቱ በፊት ለትኬት የሚከፍለው ገንዘብ ወደ አገር ይገባል። እርግጥ ነው፣ አየር መንገዱም አውሮፕላን፣ መለዋወጫና ነዳጅ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነውና ሁሉም ይቀራል ማለት አይደለም። የአብራሪው፣ የመካኒኩና የአስተናጋጁ ሙያ ግን እዚሁ ቀርቷል። ለብዙ ትንንሽ አገሮች ያልተቻለው ይህ ነው።

ሁለት ረኀብ፣ ሁለት በር

የጎብኚ ቁጥር ከፍ ብሎ የታየበት እ.ኤ.አ. 1973 በእኛ 1965ና 1966 ዓ.ም. መሆኑን ልብ ይሏል። ላሊበላ የምትገኘው በያኔው የወሎ ጠቅላይ ግዛት በላስታ አውራጃ ነው። ያ ዓመት የወሎ ሕዝብ በረኀብ ያለቀበት ዓመት ነው። እንግዶች በአውሮፕላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት ሲገቡ የዚያው ጠቅላይ ግዛት ገበሬ መንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። ይህን የምናነሣው በጎብኚው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ለእንግዳ የተሠራ ኢኮኖሚ ከጎኑ ካለው ገበሬ ጋር ካልተሳሰረ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ሊራብ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ስለሌለ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቁጥሩ በፍጥነት ወረደ። በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ሆቴሎች ተወረሱ፤ ኋላም ግዮን፣ ራስ፣ ዋቢ ሸበሌና ፍልውሃ በሚሉ የመንግሥት ድርጅቶች ሥር ተደራጁ። የውጭ ሰው ከአዲስ አበባ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ነበር፤ ማታ ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ። በሰሜን የነበረው ጦርነት ታሪካዊውን መሥመር ቆራረጠው። በዚህ ላይ የገንዘቡ ዋጋ ነበር። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከእ.ኤ.አ. 1973 እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ተተምኖ ቆየ፤ በአገር ውስጥ ዋጋው ሁሉ ሲወደድ ምንዛሪው ባለበት ስለ ቀረ ኢትዮጵያን መጎብኘት ለውጭው ሰው እየተወደደ ሄደ። አስገራሚው ነገር የቅርሶቻችን ዓለም አቀፍ ዕውቅና የመጣው በዚሁ ክፉ ዘመን መሆኑ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በመጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ሥፍራዎች መካከል ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገኙበታል። የጎንደር ፋሲል ግቢ በተከታዩ ዓመት፣ አክሱም እ.ኤ.አ. በ1980 ተከተሉ። ማዕረጉ ተሰጠ፤ እንግዳው ግን አልነበረም።

በቦሌ ታሪክ ውስጥ ከ1976 እስከ 1977 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ1976 ዓ.ም. አየር መንገዱ በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 767 ተረከበ፤ አውሮፕላኑም ከዋሽንግተን ተነሥቶ መካከል ላይ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። አገሪቱ ከሶሻሊስቱ ጎራ ጋር በተሰለፈችበት ዘመን፣ በካፒቴን መሐመድ አህመድ ሥራ አስኪያጅነት፣ ድርጅቱ የአሜሪካ አውሮፕላኖቹንና የንግድ አሠራሩን ጠብቆ መቆየቱ በአስተዳደር ታሪካችን ሊጠና የሚገባው ነው። ወዲያው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም የረኀብ ሥዕል በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ቦሌም ሌላ ዓይነት እንግዳ ተቀበለ፤ የርዳታ ሠራተኛ፣ ጋዜጠኛ፣ ሐኪም። የምዕራቡም የምሥራቁም ዓለም አውሮፕላኖች እህል አመላለሱ። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለው ሥዕል በአንድ ሳምንት ውስጥ በሌላ ሥዕል ተተካ፤ ያንን ለመፋቅ ከአንድ ትውልድ በላይ ወስዷል።

በሩ ሲሰፋ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የይለፍ ወረቀቱ ቀረ፤ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶላሩ 5 ብር ሆነ። የላሊበላ ጥርጊያ ሜዳ በአስፋልት ተተካና ክረምት ከበጋ በረራ ተጀመረ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ሰሜኑን እንደገና ቢያጨልመውም በ1995 ዓ.ም. አዲሱ የቦሌ ተርሚናል ተከፈተ። ቦሌ መንደር የነበረው ከተማ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው። በሩዋንዳ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ በሃያ ሁለትና በገርጂ በኩል ሆቴሉ፣ እንግዳ ማረፊያው፣ ኬክ ቤቱና የጉዞ ወኪሉ ተደረደረ። ጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ ጣቢያውን በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ አደረገው፤ የአየር መንገዱ ስካይላይት ሆቴልም በ373 ክፍሎች በዚያው ወቅት ሥራ ጀመረ።

ይህ ሁሉ መንገደኛ ግን አንድ ዓይነት እንግዳ አይደለም። በሙያችን ቁጥር ስናነብ ከምንሳሳትባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በቦሌ አራት ዓይነት እንግዳ አለ።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ለመቀየር የሚያልፈው ነው። አብዛኛው ከአዳራሹ አይወጣም፤ ሌሊቱን የሚያድረው ግን አየር መንገዱ በሚከፍልለት ሆቴል ራቱን በልቶ ይሄዳል። ሆቴሎቹ በዚህ እንግዳ ክፍሎቻቸውን ይሞላሉ፤ ደንበኛቸው በእርግጥ አየር መንገዱ እንጂ እንግዳው አይደለም። ሁለተኛው የጉባኤው ሰው ነው። የሚመጣው በቀጠሮ ነው፤ የሚከፍለውም ደኅና ነው፤ ለወሬ እምብዛም አይበረግግም። ሦስተኛው ከውጭ የሚመለሰው ወገናችን ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የሺሁን ዓመት ለማክበር የገባው ሕዝብ የዚህን እንግዳ ኃይል አሳይቷል። እርሱ ሆቴል ባይዝ እንኳ ድግስ ይደግሳል፤ ቤት ያሠራል፤ ዘመድ ይጠይቃል፤ ስጦታ ይገዛል። በባዕድ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው በእኛ ክረምት ስለሆነ ጎብኚው በሌለበት ወራት ይመጣል። ከደጋ አገር ዝናብ የማይሸሽ እንግዳ እርሱ ብቻ ነው። አራተኛው ቅርስና ተፈጥሮ ለማየት የሚመጣው ጎብኚ ነው። ስለ ቱሪዝም ስንናገር ሁልጊዜ የምናስበው ይህንን ሲሆን ቁጥሩ ከአራቱ እጅግ የበዛ አይደለም፤ ገንዘቡን እስከ ገጠር ይዞ የሚወርደው ግን እርሱ ነው።

ቦሌ በአራቱም ይኖራል። ጉባኤው ሲቀንስ ወገናችን ይመጣል፤ ጎብኚው ሲጠፋ መሸጋገሪያው አለ። ላሊበላ ግን በአራተኛው ብቻ ትኖራለች። ከሲሼልስና ከጋምቢያ ጋር የምትመሳሰለው ኢትዮጵያ አይደለችም፤ ላሊበላ ናት። በተራራ የተከበበች ደሴት ማለት ይህች ናት።

ደሴቲቱ ስትዘጋ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። አየር መንገዱ ከሃያ በላይ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበራቸውን አውጥቶ ዕቃ ጫነባቸው፤ የሕክምና ቁሳቁስ ለአፍሪካ አከፋፈለ፤ በዚህም ብዙ የዓለም አየር መንገዶች የመንግሥት ድጎማ ሲጠይቁ እርሱ ቆመ። ቦሌም ተጎዳ እንጂ አልሞተም። በላሊበላ ግን አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጫማ ጠባቂው፣ ሸማ ሻጩና የሆቴል አስተናጋጁ በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ። መንገደኛ ጭኖ የመጣ አውሮፕላን ጭነቱን ወደ ዕቃ ሊለውጥ ይችላል፤ ቅኔ ማሕሌቱን የሚያስረዳ ሰው ግን ሌላ የሚጭነው ነገር የለውም።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በመንግሥት እጅ እስክትመለስ ድረስ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ቆየች። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ተስፋ ሲያንሰራራ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ እንደገና ተቋረጠ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ በመለቀቁ ለውጭው ጎብኚ አገሪቱ ረከሰች። ይሁን እንጂ መንገዱ ሰላም ካልሆነ የዋጋ መርከስ እንግዳ አያመጣም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከላሊበላ ያልቀረ አንድ እንግዳ አለ። የገና ተሳላሚ ነው። ከሩቅ አገር በእግሩ፣ ስንቁን በትከሻው ይዞ ይመጣል። የከተማው ወጣቶች በመንገድ ዳር ሆነው እግሩን ያጥባሉ፤ ምግብና መኝታ ይሰጡታል። ጦርነቱ በራቀ በሳምንታት ውስጥ በ2014 ዓ.ም. ገና ይህ እንግዳ ተመልሶ ነበር። በውጭ ምንዛሪ መዝገብ ላይ አይገባም፤ ከተማይቱን ግን የመሠረታትና ያቆያት እርሱ ነው። የእግዜር እንግዳ ዛሬም አለ ማለት ነው።

በሩ ሊዛወር ነው

አሁን ሌላ ለውጥ ከፊታችን ተደቅኗል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ሥፍራ በዓመት እስከ መጨረሻው ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደው ማረፊያ ሲጠናቀቅ ዋናው በር ከቦሌ ይወጣል። ይህ ለአየር መንገዱ ዕድገት ነው፤ ከፍታው ከቦሌ ዝቅ ያለ በመሆኑም አውሮፕላን በተሻለ ጭነት ሊነሣ ይችላል። ግን ሁለት ወገን አብሮ መታሰብ አለበት። አንደኛው መሬቱን የሚለቀው ገበሬ ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት በቦሌ ሜዳ የነበረው አራሽ የበሩ ባለቤት ሳይሆን ተነሽ ሆኖ ቀርቷል፤ ያ እንዳይደገም ካሣ ብቻ ሳይሆን በአዲሱ ጣቢያ ዙሪያ የሥራና የአቅርቦት ድርሻ ያስፈልገዋል። ወተቱ፣ እንቁላሉና አትክልቱ ከእርሱ ቢገዛ ሾልኮ ከሚወጣው ገንዘብ አንዱ ክፍል እዚሁ ይቀራል። ሁለተኛው ቦሌ ራሱ ነው። በመሸጋገሪያ መንገደኛ ክፍሉን ሲሞላ የኖረ ሆቴል በሩ ሲርቅ ምን ይዞ ይቀራል? ጉባኤውንና ከውጭ የሚመጣውን ወገን ይዞ መኖር ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ዝግጅቱ ከዛሬ ከተጀመረ ነው።

ከላይ ከተዘረዘረው የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው። እንግዳ መልካም ሰብል ነው፤ ብቻውን ከተዘራ ግን አንድ ውርጭ ይበቃዋል። በአንድ ዓይነት እንግዳ ላይ የቆመ ከተማ ከጎኑ እርሻ፣ እደ ጥበብና የአገር ውስጥ ተጓዥ ሊኖረው ይገባል። ከመፈክርና ከሕንጻ አስቀድሞም የመንገድ ሰላም ይቀድማል። የሙያ ባልደረቦቻችን ዕቅድ ስናወጣ በሩ ምን ያህል ሰው ያሳልፋል ብለን ብቻ ሳይሆን በሩ በተዘጋ ዓመት ላስታ ምን ይበላል ብለንም መጠየቅ ይኖርብናል።

በአዲስ አበባ ምዕራብ የታክሲ ረዳት እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እያለ ይጣራል። የመንገደኛ ጄት ያላረፈበት ሰፈር ስሙን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ቦሌም አንድ ቀን እንዲሁ ስም ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ከበሩ ጋር የመጣው እንጀራ ከበሩ ጋር እንዳይሄድ፣ ሥራው የእኛ ነው።